ልጣላህ ነው የመጣሁት

የኮቱ ገበር የተተረተረው በግራ ኪሱ በኩል ነበር። ቆራጯ ኮቱን በሰፊው ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው፣ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች፣ ከዚያም እንደ ልማዷ ኪሱን ፈተሸች። ሰው ኪሱ ውስጥ የማይረሳው ነገር የለም። በስድስት ዓመት ሥራዋ ቁልፍ፣ መነጽር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታለች። ባለ ጥርሱ ሽማግሌ አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው ሲመጡ፣ የልብስ ስፌቱ ሠራተኛ በሙሉ ሳቁን ለመዋጥ ጨርቅ ውስጥ ተሸጉጦ ነበር።

ከዚህ ኮት የወጣው የታጠፈ ወረቀት ነው። ኮቱም የደንበኛ አይደለም፤ የወዳጇ የመሐንዲሱ ነው።

የሰው ደብዳቤ ማንበብ አትወድም። ግን ወረቀቱ እጇ ላይ ተከፈተና ስሙን አየች፤ ስሙን ካየች ወዲያ ዐይኗ አልመለስ አላት። መሥሪያ ቤቱ በድንበሩ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ድልድይ ኃላፊ አድርጎ መድቦታል። የቆይታ ጊዜ አሥራ ስምንት ወር። መነሻ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ባለ የሴት ጽሕፈት እንዲህ ተጨምሮበታል፦

«ልጅቷን ለጊዜው እንዳትነግራት። የታመመ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ አይችልም። ቅርብ ቦታ ነው፣ ቶሎ እመለሳለሁ በላት። ሌላውን በደብዳቤ ትነግራታለህ። እህትህ።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ልክ ከአንድ ቀን በፊት መሐንዲሱ ይህንኑ ኮት ሲሰጣት፣ «ለጥቂት ቀን ወደ ሥራ ቦታ ብቅ ልል ነው። ቅርብ ነው። ቶሎ እመለሳለሁ» ብሏት ነበር። እሷም «እሺ» ብላ ነበር።

አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ወረቀቱን በእጥፋቱ አጥፋ ወደ ኪሱ መለሰችው፤ ገበሩንም ሰፋችው። ክሩ እንኳ አልዛነፈም። ነገር ግን ያ የምታውቀው ነገር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ አልጋ ላይ የጣላት ነገር፣ ከእግር ጣቷ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማት። ድንዛዜ ነው። ድባቴ ይሉታል ሐኪሞቹ። እሷ ግን ስም አታወጣለትም ነበር፤ «መጣ» ብቻ ነበር የምትለው።

ከጎኗ ቁልፍ የምትሰፋው የሥራ ባልደረባዋ አፏ ስለማያርፍ «ራዲዮ» ይሏታል። የዛሬ ዓመት ቆራጯን ከአልጋ ጎትታ ሆስፒታል የወሰደቻት እሷ ናት። አሁንም ቀና ብላ አየቻት።

«ምነው? ፊትሽ ልክ እንደዚህ ጨርቅ ሆኗል።»

«ምንም።»

«ምንም ካልሽማ ነገር አለ ማለት ነው» አለች ራዲዮ። ለአንዴም ቢሆን ግን ወሬውን አላራዘመችውም።

*

ከመሐንዲሱ ጋር የተዋወቁት ከስምንት ወር በፊት ነበር። ታላቅ እህቱ ስመ ጥር ጠበቃ ናት፤ ካባዋን እዚሁ ልብስ ስፌት ነበር ያሰፋችው። ካባውን ሊወስድ የመጣው ወንድሟ ካባውን ትቶ የቆራጯን እጅ ሲመለከት ቆየ። ሃያ ድርብ ጨርቅ ከምራ በአንድ ጊዜ ስትቆርጥ መቀሷ አልተንቀጠቀጠም።

«አንቺስ ቆራጥ ነሽ» አላት።

«ቆራጭ ነኝ እንጂ ቆራጥ አይደለሁም» አለችው ቀና ሳትል።

ሳቁ ጣሪያውን አናጋው። ከዚያ ወዲህ ሰበብ አጥቶ አያውቅም፤ እጅጌ ረዘመ፣ ቁልፍ ወለቀ፣ ኪስ ተቀደደ። አንድ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሳምንት ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት የት እንደምትጠፋ ነገረችው። ሶፋ ላይ ተጋድማ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ የምትናገርበት ሕክምና እንዳለ፣ ከልጅነቷ የመጣ ነገር እንደሆነ፣ እንደምታፍርበትም ነገረችው።

«ያማል?» አላት።

«አንዳንዴ።»

«እንግዲያው እስክትወጪ ደጅ እጠብቅሻለሁ።» ጠበቃትም። አንድ ቀን ዝናብ ሲቀጠቅጠው አገኘችው።

እህቱ ስትሰማ ግን፣ «ልብስ ቆራጭ፤ ያውም ሕመምተኛ» ብላለች አሉ። ወሬውን ያመጣችው ራዲዮ ናት፤ እንዴት እንደሰማች ራሷ ታውቃለች።

ረቡዕ ዕለት ቆራጯ ኮቱን በላስቲክ ጠቅልላ በራዲዮ እጅ ላከችለት። ከኮቱ ጋር አንዲት ብጫቂ ወረቀት፦ «ኮትህ ተሰፍቷል። ከእንግዲህ ባትመጣ ይሻላል። መልካም መንገድ።»

ሐሙስ ጠዋት እየሮጠ መጣ። በመስፊያዎቹ መሃል አልፎ ጠረጴዛዋ ዘንድ ቆመ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«እስቲ ቀና በይ። አንዴ እይኝ።»

ቀና አለች። አየችው። ግን አስተያየቷ በመስታወት አሳልፎ ውጭውን እንደሚያይ ሰው ዓይነት ነበር። መሐንዲሱ ያን ዐይን ሲያይ የሰለቻት መሰለው። ራሱን ነቀነቀና ወጣ። መቀሷን አነሳች።

*

ዓርብ በምሳ ሰዓት ሐኪሟ ዘንድ ገባች። ሐኪሟ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግራጫ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሶፋ፣ ከራስጌው በኩል የእሳቸው ወንበር፣ ጠረጴዛ ላይ ሶፍት። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ከዚያ ሶፍት አንዲት እንኳ መዛ አታውቅም።

«ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አለች ገና ጀርባዋ ሶፋውን ሳይነካ። «እርስዎም ሰኞ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ይወጣሉ። ስለዚህ ይመቻል።»

«ሳልሄድብሽ ቀድመሽ ልትሄጂ።»

«አይደለም። ድኛለሁ።»

«ዕረፍት እንደምወጣ የነገርኩሽ ዕለት ምን ነበር ያልሽኝ?»

«መልካም ዕረፍት።»

«መሐንዲሱስ እንዴት ነው?»

የደብዳቤውን ነገር ስሜት በሌለው ድምፅ ነገረቻቸው። ከኪሱ ያገኘችውን፣ የእህቱን ጽሑፍ፣ የራሷን ብጫቂ። «መልካም መንገድ አልኩት።»

«ሁለታችንንም በጨዋ ደንብ ሸኘሽን» አሉ ሐኪሟ ቀስ ብለው። «የተናደደችውስ ሴት የት አለች?»

«ማንም አልተናደደም።»

ከኮሪደሩ የሰው ኮቴ መጣ፣ አለፈ።

የእናቷን ታሪክ ገና ሕክምና እንደጀመረች ነግራቸዋለች፤ ግን የነገረቻቸው የሌላ ሰው ፋይል እንደምታነብ ሆና ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ጠዋት የእናቷ አልጋ ባዶ ሆኖ አገኘችው። «እማዬስ?» ስትል አባቷ፣ «ገበያ ሄዳለች። ቅርብ ነው፣ ቶሎ ትመለሳለች» አላት። ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ስታለቅስ አባቷ ቁጢጥ ብሎ ትከሻዋን ይዞ፣ «አታልቅሺ። አንቺ ስታለቅሺ እናትሽ ይብስባታል» አላት። እናቷ የሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል ነበረች። ከአሥራ አራት ወር በኋላ እዚያው ሞተች። ልጅቷን አንድም ቀን አልወሰዷትም።

አሁን ሶፋው ላይ ተጋድማ ጣሪያውን እያየች፣ «ቅርብ ነው፣ ቶሎ ትመለሳለች» ብላ ለራሷ ደገመችው።

«አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ።»

«እሺ።»

«አንድ ቀን አልቅሼ ነበር። ማንም ሳያየኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ ቀሚሶቿ መሃል ገብቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ጨርቁን አፌ ውስጥ ጎስሬ። ብዙ አለቀስኩ። በማግስቱ ጠዋት አክስቴ መጣችና…» ቆመች። «ሞታለች አሉ። በማግስቱ! አባባ ነግሮኝ ነበር እኮ። እያወቅኩ ነው ያለቀስኩት። እኔ ነኝ ያባስኩባት።»

ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ቃል ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለራሷም ጭምር።

የሐኪሟ ወንበር ሲጢጥ አለ። «አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ» አሉ፣ «እናቷ ናፍቃት አለቀሰች። ሌላ ምንም አላደረገችም።»

ያኔ ንዴቷ ፈነዳ።

«ታዲያ ለምን ገበያ ነው አሉኝ!» ተነስታ ቁጭ አለች። «ስንት ቀን ደፍ ላይ ተቀመጥኩ! የመጣች ሴት ሁሉ እሷ እየመሰለችኝ! ታማለች ቢሉኝ ምን ነበረበት? እንኳን ሞታ፣ ታማ እንኳ አላሳዩኝም! እሱም ቅርብ ነው አለኝ! ሁሉም ቅርብ ነው ይለኛል! እርስዎም ይሄዳሉ! ደግሞ ጥሩ ልጅ ሆኜ መልካም ዕረፍት እላለሁ!» ሶፋውን በጡጫዋ መታችው፣ ደገመችው። ከዚያ ከሆዷ የወጣው ለቅሶ የእሷ ድምፅ አይመስልም ነበር። ግራጫው ብርድ ልብስ በእንባ ራሰ።

በሩ ተንኳኳ። «ዶክተር፣ ሰላም ነው?» አለች ጸሐፊዋ ከውጭ።

«ሰላም ነው፤ ሥራ ላይ ነን» አሉ ሐኪሟ።

ለቅሶው ሲበርድላት ቆራጯ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። ዞረች። በድንጋጤ የሐኪሟን ፊት መረመረች፤ ግንባራቸውን፣ ዐይናቸውን፣ አተነፋፈሳቸውን።

«ደህና ነዎት?»

ሐኪሟ ወዲያው ገባቸው። «ደህና ነኝ። አልታመምኩም። አልቅሰሽም፣ ጮኸሽም፣ ይኸው እዚህ ነኝ። ሰኞ እሄዳለሁ፤ ሦስቱ ሳምንት እንዳለቀ ሰኞ በዚህ ሰዓት እዚሁ ታገኚኛለሽ። እስከዚያው ልትናደጂብኝ ትችያለሽ።»

«እናደዳለሁ!» አለች፤ በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። ሶፍቱን ከነካርቶኑ አነሳችው።

ሰውነቷ ቀሏት ነበር። ከመቅለሉ የተነሳ አስደነገጣት። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ተኩል። መነሻ ዘጠኝ ሰዓት።

«ዶክተር፣ የምጣላው ሰው አለ!» ብላ ከክፍሉ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደችው።

*

አውቶቡሱ ሦስት ፌርማታ ሄዶ መንገድ ተዘጋበት። ወረደችና ሮጠች። የሥራ ሽርጧን አላወለቀችም፤ አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ እጇ በልብስ ጠመኔ ነጥቷል። ሰው ዞር ዞር እያለ አያት። ወይ ጉድ! ልቧ ይመታል፣ ጎኗን ይወጋታል፣ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማታል! ዛፉ አረንጓዴ ነው፣ የመኪናው ጥሩንባ ጆሮ ይበሳል፣ እሷም ተናዳለች። እንዴት ያለ ንዴት! ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና አታውቅም። ለሚያያት ሁሉ «ተናድጃለሁ» ብላ ብትነግረው ደስ ባላት።

የመሐንዲሱ ቤተሰብ ቤት ትልቅ የብረት በር፣ ከበሩ እስከ በረንዳው የተነጠፈ ድንጋይ አለው። ከዚህ በፊት ከውጭ ብቻ ነበር ያየችው። በረንዳው ላይ ሁለት ሻንጣ ቆሟል። በሩን የከፈተችላት ጠበቃዋ ራሷ ናት፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት።

«ምን ልርዳሽ?»

«ከወንድምዎ ጋር ልጣላ ነው የመጣሁት። ጊዜ የለም፤ ያሳልፉኝ።»

ጠበቃዋ በዕድሜዋ ብዙ ክርክር ሰምታለች፤ እንዲህ ያለ መግቢያ ግን አልገጠማትም። ሳታስበው ዘወር አለች።

ረጅሙ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት አምስት ዘመዶች ተቀምጠዋል። መሐንዲሱ ሲያያት ብድግ አለ።

«መጣሽ» አለ።

«ልጣላህ ነው የመጣሁት! ውሸታም! ቅርብ ነው አልከኝ! አሥራ ስምንት ወር ቅርብ ነው? ደብዳቤውን ከኮትህ ኪስ አገኘሁት! ደግሞ ስትዋሸኝ እኔን አላየህም፤ የሸሚዝህን ቁልፍ ነው ያየኸው! መዋሸት እንኳ በወጉ አትችልም!»

አንድ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንም ጉርሻውን አልዋጠም።

«ደብዳቤውን…» መሐንዲሱ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ እኮ የሰለቸሁሽ መስሎኝ ነው!»

«የሰለቸኸኝ? ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም!»

«ታዲያ ለምን መልካም መንገድ አልሽኝ?»

«መናደድ ስለማልችልበት ነዋ! ዛሬ ነው የተማርኩት! ከአንድ ሰዓት በፊት!»

እንባዋ መጣ። አልደበቀችውም፤ በጠመኔ በነጣ እጇ አበሰችው፣ ፊቷም ነጭ በነጭ ሆነ። ጠበቃዋ ከኋላ ጠጋ አለች።

«አየህ? አልኩህ አይደል? ይኸው ታመመች።»

«እትዬ፣ አልታመመችም» አለ ወንድሟ። ዐይኑን ከቆራጯ ላይ አላነሳም፤ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ደስታ ይወጣ ነበር። «ተቆጥታ ነው። እኔን ተቆጥታ! ትናንት ያየኋትን ብታዪ፣ የታመመችው ትናንት ነበር።» ከዚያ ወደ እሷ ተራመደ። «ፈራሁ። ብነግርሽ ትወድቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። እትዬን ሰበብ አላደርግም፤ መዋሸቱን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። አልሄድም፤ ድልድዩን ሌላ ሰው ይሥራው።»

«ትሄዳለህ!» ሽርጧን ጨበጠች። «ድልድዩን ትሠራለህ፣ እኔም ሕክምናዬን እጨርሳለሁ። ግን ትነግረኛለህ! ሩቅ ከሆነ ሩቅ ነው በለኝ። ከዘገየህ ዘገየሁ በለኝ። ከከፋህም ከፋኝ በለኝ። እኔ ብነገር አልሰበርም፤ የሚሰብረኝ ደፍ ላይ መቀመጡ ነው።»

ስለ ደፉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን ከድምጿ አንዳች ነገር ገባው። ሁለት እጆቿን ያዘ፤ ጠመኔው ለእሱም ደረሰው። ዐይን ዐይኗን አያት።

«ሩቅ ነው» አላት። «አሥራ ስምንት ወር ነው። በየአራት ወሩ ዐሥር ቀን እመጣለሁ። ስልክ የሚሠራው አንዳንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ደግሞ እኔም እፈራለሁ፤ ትረሺኛለሽ ብዬ። እወድሻለሁ። ይኸው፣ ነገርኩሽ።»

«እኔም እወድሃለሁ። ንዴቴ ግን አላለቀም!»

አጎትየው አላስችል ብሏቸው ሳቁ። ጠበቃዋ ሁለቱን አፈራርቃ አየች። ይህን ወንድሟን ከልጅነቱ ጀምራ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አንድም ሰው እንዲህ ሲጮህበት፣ እሱም እንዲህ ሲደሰት አይታ አታውቅም። አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበች።

«ተቀመጪ» አለቻት። ድምጿ ትንሽ ሻክሯል። «ቆሞ መጣላት ያደክማል። እኔ… ልጠብቀው ብዬ ነበር። ለካ ሰው እንዴት እንደሚጠበቅ አላወቅኩበትም።»

በዘጠኝ ሰዓት መኪናው መጣ። ቆራጯ በሩ ድረስ ሸኘችው። መኪናው ጥጉን እስኪዞር እጇን አወዛወዘች፤ ከዞረም በኋላ እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር፣ እሷም እየሳቀች ነበር። ያ ድንዛዜ አልመጣም። ጠበቀችው፤ አልመጣም።

*

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ትገባ ነበር። ጡረታ የወጣው አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ቀና ብሎ ዐይኗን አየ።

«ምነው?»

በዚህ ቤት የዚህ ጥያቄ መልስ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ሁለቱም በዚያ ቃል ነው የኖሩት።

«ሳለቅስ ነው የዋልኩት» አለች። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «መሐንዲሱ ለአሥራ ስምንት ወር ሄደ። እማዬም ናፍቃኛለች።»

ብሩሹ ቆመ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ገበያ ሄዳለች ብለኸኛል። ስታለቅሺ ይብስባታል ብለኸኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ የገደልኳት መስሎኝ ነው የኖርኩት። ተናድጄብሃለሁ።»

አባቷ ጫማውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ?» አለ። «አንቺ ገደልሽ?» እጇን ያዘ። «ልጄ፣ ለእሷ ብዬ አልነበረም። አንቺ ካለቀስሽ እኔም አልችልም ነበር። ፈርቼ ነው። ለራሴ ፈርቼ ነው ያልኩሽ።»

ሽማግሌው አለቀሰ። እሷም ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ታሞ፣ ሊሞትም እንደሆነ ለማየት ፊቱን አልመረመረችም፤ አብራው አለቀሰች እንጂ።

«ትናፍቅሃለች?» አለችው በኋላ።

«በየቀኑ። ስትስቅ አፍንጫዋን ትይዝ ነበር፤ ታስታውሻለሽ?»

«አላስታውስም። ንገረኝ።»

ነገራት። እናቷ ሳቋ ሲመጣ አፍንጫዋን እንዴት እንደምትይዝ በተጨማደደው እጁ እያሳየ ነገራት። ቆራጯ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ ሰማችው። በአንድ ከሰዓት ሁለት ሰው ናፈቃት፤ አንዱ ይመለሳል፣ አንዷ አትመለስም። ስለ ሁለቱም አሁን የሚዋሻት ሰው የለም። ናፍቆቱ ደረቷን ሞላው፤ ያማል፣ ይሞቃል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መናፈቅ ደስ አላት።